ክኒኑን እንዳይተው ልለምነው ፎገራ የሄድኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ የሱሪዬ ጫፍ ላይ ያለው የፎገራ ጭቃ ገና አልታጠበም። የፎገራን ከተማ ወረታን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አሉ፤ ወደ ጎንደር ሲያልፉ ሻይ ጠጥተው የተነሡባት ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሜዳው የገባ ግን ከወዳጆቼ አንድም የለም። ስለዚህ ለምን እንደሄድኩ አስቀድሜ ልናገርና መንገዱን ከዚያ እንጀምር።

ይበልጣል የሚባል ጓደኛ አለኝ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ፣ እሱ የፎገራ፤ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ስንማር አንድ ቤተ ሙከራ ተገናኘን። የምናጠናው ስኪዞፍሬንያ የተባለውን የአእምሮ ሕመም ነበር። ሕመሙ ለሰው የሌለ ድምፅ ያሰማል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ፦ ሰው ለጥቂት ጊዜ በአእምሮው መያዝ ያለበትን ነገር ያስጥለዋል። ሱቅ ስትላኩ «ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና» እያላችሁ እስክትገዙ ድረስ የምትይዙት ነገር አለ አይደል? እሱ የሥራ ትውስታ ይባላል። ይበልጣል ከሁሉ የሚወደው ተቀባዮቹን ነበር፤ የአንጎል ሴሎች ገጽ ላይ ያሉትን፣ እንደ ዶፓሚንና ግሉታሜት ያለ የተወሰነ ኬሚካል ሲመጣ የሚከፈቱትን ጥቃቅን በሮች። ስለ እነሱ ማውራት ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር።

ከዚያ እሱ ራሱ ታመመ። እዚያው በምናጠናው ሕመም! ትምህርቱን አቋርጦ እናቱ ዘንድ ገባ፣ እኔ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረሁ። ወድጄው ነበር። በአፌ አልነገርኩትም፤ ያውቅ ነበር ግን።

ዘንድሮ አጨዳ ሊደርስ ሲል እናቱ እማማ ትጓደድ ደወሉልኝ። «ልጄ ክኒኑን ሊተው ነው» አሉኝ። «ድምፁ ጠፍቶለታል፣ እንቅልፉም ተመልሷል። እሱ ግን አደነዘዘኝ፣ አጨዳው ሳያልቅ እተዋለሁ ይላል። ያን ጊዜ ሲተው ያየነውን አይተናል፤ እኔ ዳግመኛ አልችለውም። አንቺን ይሰማል፤ በሞቴ ነይ።» መንገዱ ደኅና ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ ፈቃድ ወሰድኩ። ክኒኑን እንዳይተው ልለምነው ነው የሄድኩት። ለዚያ ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ ናፍቆኝ ነበር፣ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

እሑድ

ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የጣና ዓሣ በጆንያ ይዘዋል፤ ረዳቱ ደግሞ ቦርሳዬን ከጆንያው ሥር ጎሰረው። «አይዞሽ፣ ዓሣው ታጥቧል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ታጥቧል፤ የታጠበበት ውኃ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ድሬ ቢሆን ተጨቃጭቀን፣ ተሰዳድበን፣ ተሳስቀን እንለያይ ነበር። እዚህ ሰዉ ሁሉ «ውይ ምስኪን» እያለ ስላዘነልኝ መቆጣት አቃተኝ አቦ። ሴትዮዋ ሲወርዱ አንድ ትልቅ ዓሣ በፌስታል አድርገው «በይ ያዢ፣ ላበላሸሁብሽ» ብለው አስጨበጡኝ።

ወረታ ላይ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። መገንጠያው ላይ የጭነት መኪናው ይርመሰመሳል፣ ባጃጁ በመሐል ይሽሎከለካል። ባጃጅ ሳይ ደስ አለኝ፤ እኛ ድሬዎች ባጃጅ የኛ ብቻ ይመስለናል። የወረታው ጭቃ ለብሷል፣ የኛው አቧራ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት አንድ እጄ ላይ ዓሣ፣ አንድ እጄ ላይ የሚሸት ቦርሳ አይታ ሳቋ መጣ። «ነይ እስቲ እቴ» ብላ ልብሴን ሁሉ አጥባ አሰጣችልኝ። ዓሣውን ጠብሳ፣ «ብቻሽንማ አትበዪም» ብላ ከልጆቿ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠችኝ። ማንን ልጠይቅ እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ «ጓደኛዬን፣ ይበልጣልን» አልኩ። ስሙን እንዴት አድርጌ እንደጠራሁት እንጃ፣ አየት አደረገችኝና ሌላ ጥያቄ አላነሣችም።

ሰኞ

ባጃጁ መንገድ እስካለው ድረስ ወሰደኝ፣ የቀረውን በእግር። ፎገራ ልክ እንደ ጠረጴዛ ደልዳላ ነው፤ ተራራው ሩቅ ዳር ላይ ቆሞ ይመለከታል። ክረምት ሙሉ ውኃ ይተኛበታል፣ ውኃው ሲሸሽ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ቆሞ ይገኛል። የኛ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ሳይታሰብ በጎርፍ ይመጣል፤ የእነሱ ውኃ ግን ወቅቱን አውቆ የሚመጣ እንግዳ ነው። እንዲህ እያደነቅኩ ስሄድ ግራ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። እግሬን አወጣሁት፣ ጫማው ቀረ። ብቆፍር፣ ብቆፍር፣ ጥቁሩ ጭቃ ውጦታል። ሌላውንም አውልቄ በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እማማ ትጓደድ ደጃፍ ደረስኩ።

«ውይ አፈር ስሆን! የሰው አገር ሰው እንዲህ ሆና?» አሉ እማማ ትጓደድ። ማን መሆኔን እንኳ ሳያጣሩ አጎንብሰው እግሬን አጠቡኝ፣ ኧረ ተዉ ብል ማን ሰምቶኝ። የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አጠለቁልኝና ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። «አንቺ ነሽ ፍሬ?» አሉኝ፤ ተቃቅፈን ሁለታችንም አለቀስን።

ይበልጣል ላሞቹን እየነዳ መጣ። ወፍሯል፤ ክኒኑ ያወፍራል። እርምጃው ረጋ ብሏል። ሲያየኝ ግን ያው ፈገግታ፣ ያው ጥርስ!

«ፍሬ! ያቺ ቢጫ ሹራብሽስ?» አለኝ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የለበስኩትን እኮ ነው! እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። ቁጭ ብለን የመምህራችንን ሳል፣ በካፌው በኩል የሚዞረውን ሽማግሌ ውሻ፣ ክርክራችንን ሁሉ አንድ ባንድ አነሣልኝ። በልቤ፣ ይሄ ሰው ምን ሆኗል፣ ደኅና አይደለም እንዴ አልኩ። ከዚያ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» አለኝ። ደኅና ናት፣ ሰላም ብላሃለች አልኩት። እማማ ወተት አምጥተው ሰጡኝ፣ አመሰገንኩ። «እናትሽ ደኅና ናቸው?» አለኝ። ደኅና ናት አልኩት። ፊቱን ሳይ ራሱም ጠርጥሯል። የድሮው ሁሉ አለ፤ አሁን የተባለው ነው የማይቆይለት።

እራት የሩዝ እንጀራ ነበር። እኔ ሩዝ የማውቀው በሰሃን፣ ሥጋ ተጥሎበት ነው፤ እዚህ ከጤፍ ጋር አስፈጭተው ይጋግሩታል። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። «በሞቴ አንዴ ጨምሪ» እየተባልኩ ከአቅሜ በላይ በላሁ።

ማክሰኞ

በዓል ስለነበር ማጭድ አይነሣም። እማማ ትጓደድ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ እንሂድ አሉ። ድሬ ሙቀት ፍለጋ መንገድ የሚገባ ሰው ቢኖር ይሳቅበታል፤ እዚህ ግን ሰው ከስንትና ስንት መንደር ተነሥቶ ይመጣል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ተነከርን። መጀመሪያ እግሬን ስከት ጮህኩ፣ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ አንዷ የማላውቃት እናት ክንዴን ይዛ «ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ» እያለች አስገባችኝ። እንደዚያ ተደርጌ የተያዝኩት ልጅ ሳለሁ ነው።

ከወጣን በኋላ እማማ ጥላ ሥር ጋደም አሉ፤ እኔና ይበልጣል ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የተዘጋጀሁበትን ልመና ልጀምር ስል ቀደመኝ።

«እማ ናት የጠራችሽ። ክኒኑን እንዳልተው።»

«አዎ።»

«የትኛውን በር እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ።»

«የዶፓሚንን። ሁለተኛውን ዓይነት።»

«ድምፁ በዚያ ነበር የሚገባ። ተዘጋ፣ እሰይ። አሁን የጎደለኝ ግን በሌላ ነው የሚመጣው። በግንባር በኩል ያለው፣ የግሉታሜቱ ተቀባይና የዶፓሚን አንደኛው። ለዚያ ክኒን አገኛችሁ?»

«አላገኘንም» አልኩ።

«ስለማትዋሺኝ ነው የምወድሽ» አለኝ። እንዲሁ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ። ለዓመታት ልሰማው የተመኘሁትን ቃል ክኒን የለም ባልኩበት ቅጽበት ሰማሁት።

«ታዲያ ጥፋቱ የክኒኑ አለመሆኑን ካወቅህ ለምን ትተወዋለህ?»

«ፈጽሞ ነፃም አይደለም፣ ያፈዛል። ብተወው ምናልባት ትንሽ እነቃለሁ። ፍሬ፣ ወንፈል አይጠሩኝም።»

ለማታውቁት፦ ወንፈል ጎረቤት ለጎረቤት በተራ የሚያጭድበት ነው። ዛሬ ያንተ ማሳ ላይ እንሠራለን፣ ነገ አንተ እኔ ጋ ትመጣለህ። የእማማ ትጓደድን ሩዝ ጎረቤቶቹ በየዓመቱ መጥተው ያጭዱላቸዋል፤ ብድራቱን ግን ከይበልጣል አይጠይቁም፣ ለነፍስ ነው ይላሉ።

«እኔ ለማንም ቀን የለብኝም» አለ ይበልጣል። «ማንም ማለዳ ደጄ መጥቶ ስሜን አይጠራም። እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ?»

እኔ በሽታው እንዳይመለስ ነበር የምፈራው፤ እሱ ደግሞ በሽታው በሌለበትም ሰው አልሆንኩም እያለኝ ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ እማማን ቀስቅሰን ተሳፈርን።

ረቡዕ

የእማማ ትጓደድ ማሳ የሚታጨድበት ቀን ነበር። ጎረቤቶቹ ገና ሲነጋ መጡ። የሚመሯቸው አያ ሽባባው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። ወንዶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አጎንብሰው፣ እየዘፈኑ ወደፊት ያጭዳሉ። እኔ ነዶ ላቀብል ብዬ ገባሁ፤ የሩዝ ቅጠል እንደሚቆርጥ አላወቅኩም፣ እጄ ሁሉ ተሞነጫጨረ። «የድሬ ልጅ፣ ማንጎ መሰለሽ?» አሉኝ አያ ሽባባው፣ ሁሉም ሳቀ።

ለይበልጣልም ሥራ ሰጥተውታል። «ይበልጣል የኔ ጌታ» አሉት አያ ሽባባው፣ «ቤት ሂድና ገመዱን አምጣ፣ ውኃ በጀሪካን ያዝ፣ ለእናትህም ምሳው ወደ ላይኛው ዳር ይምጣ በላት።» እሺ ብሎ ሄደ። በዓይኔ ተከተልኩት። ጥቂት እንደሄደ አንድ ሰው አገኘው። እንዴት አደርክ፣ ከብቱ፣ ቤቱ፣ እናትህ፤ የዚህ አገር ሰላምታ እንደሆነ ቶሎ አያልቅም። ሰላምታው ሲያልቅ ይበልጣል መንገዱ ላይ ቆመ። ወደ ቤት አየ፣ ወደ እኛ አየ። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ፤ ጀሪካኑን ይዟል፣ ባዶውን።

«ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አሉት አያ ሽባባው። አንዱ «አይ ምስኪን» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። ይበልጣል ጀሪካኑን አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። ያን ፊቱን አልረሳውም።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ይሄ እኮ እኛ ቤተ ሙከራ የምንሰጠው ፈተና ነው! ለታማሚው ጥቂት ነገር እንነግረዋለን፣ መሐል ላይ ሆን ብለን በሌላ ነገር እንረብሸዋለን፣ ከዚያ የያዝከውን ንገረኝ እንላለን። ሕመሙ ከሁሉ አብልጦ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ደጎች አጨዳ ይከብደዋል ብለው አዘኑለትና በሜዳው ላይ ካለው ሥራ ሁሉ ለሱ ከባዱን መርጠው ሰጡት። በየዓመቱ ይልኩታል፣ በየዓመቱ ይጠፋበታል፣ በየዓመቱ «ገና አልተሻለውም» ይላሉ። እሱ ደግሞ ክኒኑን ይወቅሳል።

ምሳ ላይ፣ ጾም ስለሆነ ዘግይቶ ነው የተበላው፣ አያ ሽባባው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አያ ሽባባው፣ ይበልጣል ማጭድ ይያዝ።»

«ማጭድ? አጨዳ እኮ ወገብ ይቆርጣል፣ የኔ ልጅ። እኛ አዝነንለት ነው ቀላሏን የሰጠነው።»

«ቀላሏ ናት ለሱ የከበደችው። መላላክ በሐሳብ መያዝ ይጠይቃል፤ ሕመሙ የጎዳበትም እሱን ነው። ሩዙ ግን ፊቱ ቆሟል፣ ምኑን ይረሳዋል? የእርስዎን እጅ እያየ ያጭዳል።»

ከወጣቶቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስለትስ?» አለ።

ለካ ማዘን ብቻ አልነበረም። እማማ ትጓደድ ወጡን እያወጡ ነበር፣ እጃቸው ቆመ። «ልጄ ማንን ነክቶ ያውቃል?» አሉ፤ እሳቸውም ግን ይፈራሉ፣ ራሱን እንዳይቆርጥ። አያ ሽባባው ጉርሻቸውን አላምጠው እስኪጨርሱ ጠበቅን።

«ነገ ከኔ ቀጥሎ ይቁም» አሉ። «የሚፈራ ካለ ራቅ ብሎ ይጨድ። እኔ ጎኑ ነኝ።»

ለይበልጣል ስነግረው «ክኒኑን ውጬ እገባለሁ» አለኝ። «ከወንፈሉ ተራ ከቀረሁ ግን እተወዋለሁ። ያን ጊዜ አትለምኚኝ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ሐሙስ

ጠዋት እፊቴ ክኒኑን ዋጠና ከትናንት ወደተረፈው የእናቱ ማሳ ገባ። አያ ሽባባው በቀኙ፤ ያ «ስለትስ?» ያለው ወጣት አንገቱን ደፍቶ መጥቶ በግራው ቆመ። እማማ ትጓደድ ማየት ስላልቻሉ ቤት ገቡ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነዶ ማሰሩን ረሳሁት።

መጀመሪያ ቀርፋፋ ነበር። የሰው ዓይን ከበደው መሰለኝ፣ እጁ ይጠነክርበታል። ቀስ በቀስ ዘፈኑ ያዘው፤ ሲያቀነቅኑ ይቀበላል፣ ሲያጎነብሱ ያጎነብሳል። ከዚያ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማጭዱን እንደያዘ፣ ዓይኑ ባዶ። ዘፈኑ ረገበ። ልጠራው አፌን ስከፍት አያ ሽባባው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ፣ ምንም ሳይሉት ማጨዳቸውን ቀጠሉ። በግራና በቀኝ ያሉት አለፉት፤ ፊቱ ያልታጨደች ቁራጭ ብቻዋን ቀረች። ይበልጣል አያት። አጎነበሰና አጨዳት፤ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን አጨደ። ደረሰባቸው።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፣ አፈርኩ።

ምሽት ላይ ሳይነገረው ክኒኑን ዋጠ። እማማ ዞር ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ደጅ ወጥተን ተቀመጥንና ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ልጠይቀው የፈለግሁትን ጠየቅኩት።

«አዲስ አበባ ትመለሳለህ?»

«ቤተ ሙከራው?» ፈገግ አለ። «ፍሬ፣ አንድ ገጽ ሳነብ ግማሽ ሳልደርስ መጀመሪያው ይጠፋል። አንቺ ፈልጊልኝ ያንን በር። እኔ እዚህ ልሁን።»

ለክኒኑ ብዬ የመጣሁበትን አገኘሁ፤ ለራሴ ብዬ የመጣሁበትን አጣሁ። ደስ ብሎኛል አልኩት፣ እውነት ነበር። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ እሱም እውነት ነበር።

ዓርብ

ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ድምፅ ሰማን።

«ይበልጣል! ኧረ ይበልጣል! ተነሥ፣ ወንፈሉ ዛሬ ከኔ ነው!»

አያ ሽባባው ናቸው። እማማ ትጓደድ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ይበልጣል ዘሎ ተነሣ፣ ክኒኑን በውኃ ዋጠ፣ ማጭዱን ከግድግዳው መዘዘና «መጣሁ!» ብሎ ወጣ። ዛሬ እንደምሄድ ማታ ነግሬው ነበር። አልያዘውም።

እማማ ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልለው፣ ኮንጎውን ላውልቅ ስል «እግርሽ ላይ ይሂድ» ብለው ሊሸኙኝ አብረውኝ ባጃጁ ላይ ወጡ። መንገዱ በአያ ሽባባው ማሳ ዳር ነው የሚያልፈው። ባለባጃጁን ትንሽ ቁምልኝ አልኩት። ተሰልፈዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ይበልጣልን ከመሐል ለየሁት፤ ወፈር ያለው፣ ከሌሎቹ እኩል የሚሄደው እሱ ነው።

«ልጥራልሽ?» አሉኝ እማማ ትጓደድ።

አንዴ ዞር ብሎ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ። በሕይወቴ ያን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። ብጠራው ይዞራል፣ እየሮጠ ይመጣል፣ ያቅፈኛል፤ ሲመለስ ደግሞ ሰልፉ ርቆት፣ የት እንደነበረ ጠፍቶት፣ ሁሉም እያዩት ማሳው መሐል ይቆማል።

«አይ፣ ሥራ ላይ ነው» አልኳቸው፣ ባለባጃጁንም እንሂድ አልኩት።